ነፋስ ማኅደር የለውም

እኛ ሰዎች አጥፍተን አናውቅም። ለዚህም ቋንቋችን ምስክራችን ነው። ብርጭቆ አንሰብርም፤ ብርጭቆው ራሱ ይሰበራል። ቁልፍ አንጥልም፤ ቁልፉ ይጠፋብናል። አውቶቡሱ ያመልጠናል፣ ሰዓቱ ይሄድብናል፣ እንቅልፍ ይወስደናል፣ ቀጠሮው ይዘነጋናል። የሰው ገመና አደባባይ ብናወጣ እንኳ ያወጣነው እኛ አይደለንም፤ ቃሉ ነው ከአፋችን ያመለጠው። ዕቃው፣ ሰዓቱና እንቅልፉ ጥፋታችንን ሁሉ ተሸክመውልን እኛ እጃችንን አጣጥፈን "ምን ይደረግ!" እንላለን።

ይህን ሰላም የሚያደፈርስ አንድ ሰው ግን በየሰፈሩና በየመሥሪያ ቤቱ አይጠፋም። ታውቁታላችሁ። ግብዣ ላይ ብርጭቆ ሲወድቅ፣ ስብርባሪው ገና ወለሉ ላይ ሳይረጋ "እኔ ነኝ! እኔ ሰበርኩት!" ብሎ ብድግ የሚለው ነው። ባለቤቶቹ "ኧረ ምንም አይደል" ሲሉት "እንዴት ምንም አይደል? በክርኔ ገፋሁት እኮ!" ብሎ ይከራከራል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ገበታ ከመቅረብ ከጅብ ጋር መጎራበት ይሻላል።

የኛ መሥሪያ ቤት ደግሞ የእነዚህ ሰዎች ንግሥት አለችው፤ ክብርት እትዬ መዝግቡልኝ። እርግጥ እናቷ ያወጣችላት ስም ሌላ ነው። ይህኛውን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው፤ ባጠፋች ቁጥር የጥበቃ ክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ "የኔ ጥፋት ነው፤ መዝግቡልኝ" ስለምትል።

ሥራችን የተማሪዎችን ፈተና ማዘጋጀት ነው። ጥያቄዎቹ ከተረቀቁበት ቀን አንስቶ ተማሪው ፊት እስኪቀርቡ ድረስ የሚኖሩት "ዝግ ክፍል" በምንለው ቦታ ነው። መስኮቱ አይከፈትም፣ ስልክ በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ ለመግባትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል። ያን ጊዜ ኮሚቴ ተቀምጦ ሰውየው ከዚህ ቀደም የተጠበቀ ነገር አውጥቶ፣ ጥሎ ወይም አውርቶ እንደሆነ ይመዝናል። እኔ የቋንቋ ፈተና አዘጋጅ ነኝ፤ እሷ አራሚ ናት። ፈቃዱን የተነጠቀ አራሚ የሚያርመው ነገር የለውም፤ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ "ማንን ፈልገው ነው?" እያለ ጡረታውን ይጠብቃል።

አንድ ቀን ሁላችንም ዝግ ክፍል ውስጥ አንገታችንን ደፍተን ስንሠራ እትዬ መዝግቡልኝ ድንገት ተነሳች። "ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው" አለች። ስልኩ አልጮኸም፤ ማንም አላየውም። ቀስ ብላ ወጥታ ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጋው ብትመለስ ዓለም እንደነበረች ትቀጥል ነበር። እሷ ግን ጥበቃ አስጠራች። በሩ ተዘጋ፣ ሁላችንም ተፈተሽን፣ ስልኳ ተመረመረ፣ ምሳችን ቀዘቀዘ። ረሃብ የጠናበት አንዱ ባልደረባችን "ሳትናገሪ ብታወጪው ምን ነበረበት?" ቢላት፣ "ምንም አልነበረበትም። አንተም ነገ ምንም የለበትም ብለህ ይዘህ ትገባለህ" አለችው።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ባለቤቷ፣ የከባድ መኪና ሾፌር የሆነው ሆደ ሰፊ ሰው፣ ቁርስ ላይ "ዛሬ በእንቅልፍሽ 'ሐ! ሐ! ሐ!' ስትይ አደርሽ" ይላታል። የምርጫ ጥያቄ መልስ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ተብሎ እንደሚደረደር ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቁርሷን ትታ ተነሳች። "በእንቅልፍ ልቤ መልስ ተናግሬ ሊሆን ይችላል፤ መዝግቡልኝ" አለች። ምስኪኑ ሾፌር ከመንገድ ተጠርቶ መጣና ምን እንደሰማ ተጠየቀ።

"እኔ እኮ የምትስቅ መስሎኝ ነበር" አለ። "ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ስንኖር በእንቅልፏም ቢሆን አንዴ ሳቀችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው የነገርኳት።"

ይህም ተመዘገበ።

ራሷን ብቻ ብትከስ ባልከፋ ነበር። ክፋቱ አጠገቧ ያለውንም ይዛ መግባቷ ነው። እኔን ጠይቁኝ። ከማተሚያው ወደ ዝግ ክፍል ግቢውን አቋርጠን ረቂቅ ስናሻግር፣ ነፋስ ከእቅፌ አንድ ወረቀት ነጠቀኝ። ሁለታችንም ያን ወረቀት እንደ ሸሸ ዶሮ አሳደን አጥሩ ሥር ያዝነው። ሰው አላየውም፤ አልቆሸሸም እንኳ። "በቃ፣ ነፋስ ወሰደው፣ አገኘነው፣ አለቀ" አልኳት።

ቆም ብላ አየችኝ። "ነፋስ ማኅደር የለውም። በማን ስም ይመዝገብ?"

ሄዳ አስመዘገበች። "እኔ ወረቀቱን ሳላያይዝ አስያዝኩት፤ እሱ ደግሞ ስልኩን ከኪሱ ሊያወጣ ሲል እቅፉን አላላው" ብላ። ስልኬን ላወጣ ማለቴን ከፈጣሪ በቀር ያየ አልመሰለኝም ነበር። ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ከዚያ ወዲህ ከሷ ጋር በኮሪደር ስሄድ እጆቼን እንደ እስረኛ ወደ ኋላ አድርጌ ነው።

ትልቁ ጥፋቷ ግን የወንድሟ ነገር ነው። ታናሽ ወንድሟ የሒሳብ መምህር ነው። ለዘንድሮ ፈተና ከተረቀቁት ጥያቄዎች አንዱ ልቧን አላሳርፍ አላት። ሁለት መኪኖች ከአንድ ቦታ ተነስተው አንዱ ሠላሳ፣ ሌላው አርባ ኪሎ ሜትር ቢጓዙ በመካከላቸው ያለው ርቀት ስንት ነው? ወዴት እንደሄዱ አይናገርም። ወደ አንድ አቅጣጫ ከሆነ አሥር፣ ጀርባ ተሰጣጥተው ከሆነ ሰባ። የሒሳብ አዘጋጁ ያን ቀን ሥራ አልገባም። እሷም ራት ላይ ወንድሟን "እንዲያው ሁለት መኪኖች..." ብላ ጀመረች፣ ጨረሰችም። ወንድሟ ገና "ወዴት ነው የሚሄዱት?" ብሎ ሲጠይቃት ምን እንዳደረገች ገባትና ከገበታው ተነሳች።

በማግስቱ በር ሲከፈት እዚያው ቆማ ነበር። "ቃሉ አመለጠኝ አልልም" አለች። "ጠየቅሁት።" ጥያቄው ተጣለ፤ በምትኩ አዲስ ተጻፈ።

እንግዲህ በዚህ መሀል ነው አዲስ የጥበቃ ኃላፊ የተሾመልን። ገና ከመምጣቱ የሁላችንንም ማኅደር አስወጥቶ ይመዝን ጀመር፤ እኛም በሹክሹክታ "ክቡር ሚዛን" አልነው። አባባሉ አንድ ነው፤ "ጥፋት ጥፋት ነው" ይላል። ታስቦ ይሁን ሳይታሰብ፣ ዘንድሮ ይሁን የዛሬ ስንት ዓመት፣ አጥፊው ራሱ ተናግሮ ይሁን ሲደብቅ ተይዞ፣ ለእሱ ሁሉም ያው ነው። በዚህ ሚዛን የብዙዎቻችን ማኅደር እንደ ታጠበ ሳህን ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት የተተረተው ለኛ መሥሪያ ቤት ሳይሆን አይቀርም። የእትዬ መዝግቡልኝ ማኅደር ግን ድም ብሎ ነበር ጠረጴዛው ላይ ያረፈው።

ኮሚቴው አራት ነበርን። ሰብሳቢው ክቡር ሚዛን፣ የሰው ኃይል ኃላፊዋ፣ የሠራተኛ ተወካይ የሆነው የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ፣ እና እኔ። እኔ የገባሁት ቂሜን ቋጥሬ ነው። ያ የነፋሱ ወረቀት አሁንም አልወጣልኝም። እንግዳ መቀበያው ጋ ብትቀመጥ ለሀገር ሰላም ነው ብዬ አስቤያለሁ።

እትዬ መዝግቡልኝ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።

"ይህን ሁሉ ያጠፉት እርስዎ ነዎት?" አላት ሰብሳቢው ማኅደሩን በጣቱ እየመታ።

"አዎ። የቀረ ካለም እነግርዎታለሁ።"

"የባልደረቦችዎ ማኅደር ውስጥ አንድ ገጽ እንኳ የለም እኮ!"

"እነሱማ ምን ያድርጉ፤ በሩ ክፍት ሆኖ ይገኝባቸዋል እንጂ እነሱ አይከፍቱትም።"

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ሰብሳቢው ግን ክፉ ሰው አይደለም፤ መላ አለኝ አለ። "እንዲህ እናድርግ። ከእንግዲህ ምንም ዓይነት ጥፋት አልሠራም ብለው ይፈርሙልኝ። እኔም ያለፈውን በቀላሉ አየዋለሁ።"

"አልፈርምም።"

"ለምን?"

"ውሸት ይሆናላ! ሰው ነኝ፣ አጠፋለሁ። ባጠፋሁ ጊዜ ከማንም ቀድሜ እናገራለሁ የሚል ካለ ያምጡና አሁኑኑ ልፈርም።"

"እንደሱ ያለ ወረቀት የለንም።"

"እንግዲያው የጎደላችሁ እሱ ነው።"

ክቡር ሚዛን ደሙ ፈላ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከተከሳሽ ወንበር ሰምቶ አያውቅም። "ኮሚቴው የነገሩን ክብደት ይወቀው!" ብሎ ማኅደሩን ገለጠ። "ለወንድማቸው ያወሩት ጥያቄ ይኸውላችሁ። እስቲ ስሙት!" ብሎ መነጽሩን አስተካከለና ጮክ ብሎ አነበበ። "አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ ሩቡ ሲቀዳ ስልሳ ሊትር ቀረው። በርሜሉ ሲሞላ ስንት ሊትር ይይዛል?"

"ሰማንያ!" አለ የግምጃ ቤቱ ሰውዬ። ሳያስበው ነው። ዕድሜውን በርሜል ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። ደስም አለው መሰለኝ፣ ዞር ዞር ብሎ አየን።

እትዬ መዝግቡልኝ ግን ፊቷ አመድ መሰለ። "ጌታዬ" አለች ቀስ ብላ፣ "ያነበቡት የኔን አይደለም። የኔ ከተጣለ ቆየ። ይሄ በምትኩ የገባው ነው፤ ከተጣለው ጋር አብሮ ተያይዞ ነው። ዘንድሮ ልጆቹ ፊት የሚቀርበው።"

ዝግ ክፍል የመግባት ፈቃድ የነበረን ሰብሳቢው፣ እሷና እኔ ብቻ ነን። ሁላችንም ቀስ በቀስ ወደ ግምጃ ቤቱ ሰውዬ ዞርን።

"ልጅህ ዘንድሮ አይደለችም እንዴ የምትፈተነው?" አልኩት።

አፉን በመዳፉ ከደነ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። "ምን አልኩ? እኔ ምንም አላልኩም" አለ።

"ሰማንያ ብለሃል።"

"የቱን ሰማንያ?"

የሰው ኃይል ኃላፊዋ "እኔ ስልኬን እያየሁ ስለነበር አልሰማሁም" አለች። ስልኳ ቦርሳዋ ውስጥ፣ ቦርሳዋም ወንበሩ ጀርባ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ክቡር ሚዛን ወረቀቱን ገለበጠው፤ ጀርባውን አየ፤ መልሶ ገለበጠው። "ስህተት ተፈጥሯል" አለ በመጨረሻ። ተፈጥሯል! ልክ እንደ ፀሐይና እንደ ጨረቃ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደሷ ጎንበስ አለ። "እትዬ፣ ይሄ ነገር ከዚህ ክፍል ካልወጣ የሚጎዳ ሰው የለም። የእርስዎም ጉዳይ በመልካም ይጠናቀቃል። ተግባባን?"

ሁላችንም ተግባብተናል። አንዲት "እሺ" ብቻ ነበረች የቀረችው። ሥራዋ፣ ወንበሯ፣ ቀይ እስክሪብቶዋ፣ ሁሉም በዚያች "እሺ" ላይ ተንጠልጥሏል። ቦርሳዋን አጥብቃ ስትይዝ ጣቶቿ ነጡ። ፈርታለች። እሷን ፈርታ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

"ጌታዬ፣ ፈቃዴን እፈልገዋለሁ" አለች። "ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ግን ፈቃዱ የተሰጠኝ ጥያቄውን ከውጭ ሰው እንድጠብቅ ነው እንጂ የአለቃን ጥፋት ከመዝገብ እንድጠብቅ አይደለም። እርስዎ ካስመዘገቡ እሰየው። ካላስመዘገቡ ከዚህ ወጥቼ በቀጥታ እኔ አስመዘግባለሁ። ከዚያ በኋላ ከልክሉኝ! እንግዳ መቀበያም ቢሆን ወንበር አለው፤ እቀመጣለሁ። የእኚህ ሰው ልጅ ደግሞ ጎበዝ ናት አሉ። ራሷ ሰማንያን ታገኘዋለች። አባቷ የነገራት ሰማንያ ግን ምን ያደርግላታል?"

የግምጃ ቤቱ ሰውዬ አንገቱን ደፋ።

እኔ ለምን እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ቆሜ አገኘሁት። "ክቡር ሰብሳቢ" አልኩ፣ "የሷ ማኅደር የወፈረው ከኛ የበለጠ ስላጠፋች አይደለም። ስለተናገረች ነው። እኛ ንጹሐን አይደለንም፤ ያልተጻፍን ነን። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ በሽታዋን የተናገረችውን ታማሚ አስወጥተው የሸሸግነውን እኛን ጤነኛ ሊሉን ነው። ወንድሟን ስትጠይቅ መልስ ልትሸጥ አልነበረም፤ ጥያቄው ልጆቹን እንዳይበድል ነው። አጥፍታለች፣ አዎ። በማግስቱ ተናገረች፤ ጥያቄውም በጊዜ ተጣለ። ሳትናገር ብትቀር ኖሮ ዛሬ እዚህ ማንም አይሰበሰብም ነበር። እስቲ ይሄ በየትኛው ሚዛን ነው የሚከብደው? በዚህ ሚዛን እሷን ካስወጣችሁ ነገ ማንም አፉን አይከፍትም። ያን ጊዜ ፈተናው ሲወጣ የምንሰማው ከመንገድ ነው።"

ተቀመጥኩ። እኔ እንዲህ ያለ ሰው አይደለሁም።

ክቡር ሚዛን መነጽሩን አወለቀ። የሚጮህብን መስሎኝ ተዘጋጅቼ ሳለ አንድ ባዶ ወረቀት ሳበና እስክሪብቶውን አነሳ። "እትዬ" አለ፣ "እንዴት ነው የሚጻፈው?"

ወንበሯን አስጠግታ አጠገቡ ተቀመጠች። "'እኔ' ብለው ይጀምሩ። አይ፣ 'ተነበበ' አይበሉ፤ ማን አነበበው? 'አነበብኩ' ይበሉ።"

"አነበብ" ድረስ በደህና ጻፈ። ያቺን "ኩ" ለመጻፍ ግን ላብ በላብ ሆነ። ከጻፋት በኋላ ግን ተንፍሶ ወንበሩ ላይ ተደላድሎ ተቀመጠ። "እኔም አጥፊ ሆኛለሁና የእርስዎን ጉዳይ እኔ ልወስን አይገባም" ብሎ ማኅደሯን ወደ በላይ አካል አስተላለፈ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ስቃይ አትጠይቁኝ። የበርሜሉ ጥያቄ ተጣለ። የሒሳብ አዘጋጁ ከእረፍቱ ተጠርቶ አዲስ ሲጽፍ በየስማችን ረገመን። ገጾቹ እንደገና ታተሙ፤ እኛም እንደገና አነበብናቸው። የግምጃ ቤቱ ሰውዬ ፈተናው እስኪያልፍ የሰማውን እንዳይናገር ፈረመ፤ እስከ ዛሬም ባገኘው ሰው ፊት "ሰማንያ ማለት ወንጀል ነው?" እያለ ያማርራል።

የበላይ አካሉ ውሳኔ መጣ። ጥፋቶቿ ሆን ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ጉዳት ሳያደርሱ ታርመዋል፤ ከሁሉም በላይ ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ቀድማ ተናግራለች፤ ስለዚህ ይታደስላት የሚል ነው። ክቡር ሚዛንም ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት፣ ስለተናገረ በቦታው ጸና። አሁን አባባሉን ቀይሯል። ማኅደር ሲቀርብለት ከመክፈቱ በፊት "ማን ነው ቀድሞ የተናገረው?" ይላል።

ፈቃዷ የታደሰ ዕለት እትዬ መዝግቡልኝ ወደ ጠረጴዛዬ መጣች። ልታመሰግነኝ ነው ብዬ "ኧረ ውለታ የለውም" የምትለዋን ቃል አዘጋጅቼ ጠበቅኋት።

"ወንድሜ" አለችኝ፣ "ኮሚቴው ሊሰበሰብ ሲል ደረጃው ላይ ምን ነበር ያልከኝ?"

"እኔ? ምንም።"

"'አይዞሽ፣ እኔ አለሁ' ብለኸኛል። እጄንም ይዘኸኛል። የኮሚቴ አባል ጉዳይዋ ከሚታይ ሰው ጋር አስቀድሞ መነጋገር አይፈቀድለትም። እኔም ዝም ብዬ መስማት አልነበረብኝም። ሁለታችንንም አስመዝግቤያለሁ።" ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ወደ ወንበሯ ሄደች።

አዎ፣ ቂሜን ቋጥሬ ገባሁ ብያችኋለሁ። ለእናንተ የጻፍኩት ነው፤ ለሷ የነገርኳት ሌላ ነው።

ክቡር ሚዛን አስጠራኝ። ማኅደሬ ፊቱ ተዘርግቶ እስክሪብቶው በእጁ ነበር። "ብለዋታል?" አለኝ። አፌን አዳለጠኝ ማለት እችል ነበር። ደረጃው ጠባብ ስለነበረ እጇ እጄ ውስጥ ገባ ማለትም እችል ነበር።

"ብያታለሁ" አልኩት። "ነገም እላታለሁ።"